የሳምንቱ ዜና ለንባብ ትምህርት የሚሰጠው ጥቅም
በሐዋሳ ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አኳያ

መግቢያ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የዕለቱ ሥራ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት እንደሚጀመር የታወቀ ነው። ተማሪዎች በየክፍላቸው ተሰልፈው ብሔራዊ መዝሙር ከዘመሩ በኋላ ርእሰ መምህሩ ወይም ተረኛው መምህር የዕለቱን መልእክት ያስተላልፋል። በብዙ ትምህርት ቤቶችም ከዚህ ቀጥሎ ወይም በዕረፍት ሰዓት የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባላት በድምፅ ማጉያ ዜና ያነባሉ፤ ግጥም፣ ተረትና ጥያቄና መልስ ያቀርባሉ። ይህ ልማድ ሥር የሰደደ በመሆኑ ከትምህርት ቤት ኑሮ የማይለይ ተግባር ሆኖ ይታያል። ይሁን እንጂ በክፍል ውስጥ ከሚሰጠው ትምህርት ጋር ያለው ግንኙነት እምብዛም ሲመረመር አይታይም። ዜናው በሜዳ፣ ንባቡ ደግሞ በክፍል የሚካሄድ ስለሆነ ሁለቱ የማይገናኙ ሥራዎች መስለው ይኖራሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሳምንቱ ዜና በጥቂት የክበብ አባላት ብቻ ተወስኖ ከመቅረት ይልቅ በየክፍሉ በሚገኙ ተማሪዎች ሁሉ በተራ ቢዘጋጅ ለንባብና ለጽሕፈት ትምህርት ምን ያህል እንደሚያገለግል ማስረዳት ነው። ለዚህም የሐዋሳ ከተማ እንደ ምሳሌ ተወስዳለች።

የከተማይቱና የትምህርት ቤቶቿ ሁኔታ

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐዋሳ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኝ ከተማ ናት። በ1950ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ ከተቆረቆረች በኋላ የሲዳሞ፣ ኋላም የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆና ቆይታለች፤ ሲዳማ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ከሆነ ወዲህም የዚሁ ክልል ዋና ከተማ ናት። በመንግሥት ሥራ፣ በንግድ፣ በፋብሪካና በዓሣ ማስገር ለመተዳደር ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የመጡ ሰዎች የሚኖሩባት በመሆንዋ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስትና አራት ቋንቋ በየቤታቸው የሚናገሩ ሕፃናት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲማሩ ማየት የተለመደ ነው።

በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ደንግጓል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ደግሞ ይህንኑ መሠረት አጽንቶ የመጀመሪያ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ወስኖታል። በሐዋሳ በሲዳምኛም በአማርኛም የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። ስለዚህ የከተማይቱ ሕፃን በልጅነቱ ከሁለት ዓይነት ጽሕፈት ጋር ይተዋወቃል። አማርኛ በግእዝ ፊደል ይጻፋል፤ 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። ሲዳምኛ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ በዚሁ በግእዝ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ በ1980ዎቹ ዓመታት ለመደበኛ ትምህርት ሲዘጋጅ ግን የላቲን ፊደል ተመረጠለት። እንግሊዝኛም እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ይሰጣል።

ዜናውን የሚያነበው ማን ነው?

በሰልፍ ላይ የሚቆም አንባቢ በአብዛኛው ደፋርና አንደበተ ርቱዕ የሆነ፣ ቀድሞውንም ማንበብ የሚችል ተማሪ ነው። መምህሩ ይህን ተማሪ የሚመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሥነ ሥርዓቱ እንዳይበላሽ፣ ጊዜውም እንዳይባክን በማሰብ ነው። ነገር ግን በዚህ ምርጫ ምክንያት ልምምድ የሚያገኘው ልምምድ የማያስፈልገው ልጅ ሲሆን፣ ልምምድ የሚያስፈልገው ልጅ ዓመቱን በሙሉ አድማጭ ሆኖ ይቀራል።

በክፍል ውስጥም ተመሳሳይ ሁኔታ ይታያል። መምህሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያነብ ተማሪዎች በኅብረት ድምፅ ይደግሙታል። ከ50 ልጆች መካከል 20ው ብቻ ፊደሉን እያዩ ቢያነቡ የተቀሩት በጆሮአቸው የሰሙትን ይከተላሉ፤ ከውጭ ለሚያዳምጥ ሰው ግን ክፍሉ በሙሉ የሚያነብ ይመስለዋል። በሰልፍ ላይ ጎበዙ ልጅ ብቻ ይሰማል፤ በክፍል ውስጥ ሁሉም በአንድነት ይሰማሉ። በሁለቱም መንገድ ማንበብ ያልቻለው ልጅ ከመምህሩ ዓይን ይሠወራል።

የጉዳዩ ክብደት በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በ6 ቋንቋዎች በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ጎልቶ ታይቷል። ምዘናው የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎችን አንድ በአንድ እየጠራ አጭር ምንባብ በ60 ሴኮንድ ውስጥ ምን ያህል እንደሚያነቡ የሚመዝን ነበር። በሲዳምኛ ከተመዘኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከግማሽ የሚበልጡት ከምንባቡ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ የሲዳምኛና የአማርኛ የንባብ መጻሕፍት ከሌሎች 5 ቋንቋዎች ጋር ተሻሽለው እንዲዘጋጁ ተደርጓል። ውጤቱ የዚያን ጊዜ ውጤት ነው። ሆኖም ለማንኛውም ትምህርት ቤት ቋሚ ትምህርት ይሰጣል፤ ይኸውም ልጁ ማንበቡ ሊታወቅ የሚችለው ብቻውን ሲያነብ ሲደመጥ መሆኑ ነው።

ዜናና ማስታወቂያ

በሰልፍ ላይ «ዜና» ተብሎ የሚነበበው አብዛኛውን ጊዜ ማስታወቂያ ነው። የፈተና ቀን፣ የደንብ ልብስ ጉዳይ፣ የወላጆች ስብሰባ፣ የጽዳት ዘመቻ የመሳሰሉት ከጽሕፈት ቤት ወጥተው ለተማሪው የሚደርሱ መልእክቶች ናቸው። ከራዲዮና ከጋዜጣ የሚገለበጡ ወሬዎችም አሉ። እነዚህ ቃላቸው ከልጁ የንግግር ደረጃ በላይ ስለሚሆን አንባቢውም አድማጩም ሳይረዳቸው ያልፋሉ። ዜና በእውነተኛ ትርጉሙ ግን ልጁ ያየውን፣ የሰማውንና ያረጋገጠውን ላላየው ሰው ማስታወቁ ነው። ማስታወቂያ መነገሩ አስፈላጊ ሲሆን፣ ለንባብ ትምህርት የሚያገለግለው ግን ሁለተኛው ዓይነት ነው። የሚጽፈውን ነገር ቀድሞ የሚያውቀው ልጅ ድካሙ ፊደሉን መለየት ላይ ብቻ ስለሚሆን ትርጉም ለመፈለግ አይቸገርም።

ይህ አስተሳሰብ በሌሎች አገሮችም የተፈተነ ነው። ፈረንሳዊው መምህር ሴሌስተን ፍሬኔ በ1920ዎቹ ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ትንሽ የማተሚያ መሣሪያ አስገብቶ ልጆቹ ስለ ኑሮአቸው የተናገሩትን ራሳቸው እየለቀሙ እንዲያትሙ ያደርግ ነበር። አንድ ልጅ ያየውን ይተርካል፤ ክፍሉ አንዱን ትረካ ይመርጣል፤ በኅብረት ያርመዋል፤ ከዚያም ታትሞ በሌላ አካባቢ ለሚገኝ ትምህርት ቤት ይላካል። በፖላንድም ሐኪምና የሕፃናት አስተማሪ የነበረው ያኑሽ ኮርቻክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1926 ልጆች ራሳቸው የሚጽፉበት ጋዜጣ በዋርሶ አቋቁሟል። የማተሚያ መሣሪያ በሌለበትም ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና አንድ ትልቅ ወረቀት ይህንኑ ሥራ ሊያከናውኑ ይችላሉ።

ሳምንቱ ሊደራጅ የሚችልበት መንገድ

የመጀመሪያ ደረጃ የክፍለ ጊዜ ርዝመት 40 ደቂቃ ነው። ከቋንቋ ክፍለ ጊዜ በየቀኑ 10 ደቂቃ ለዚህ ሥራ ቢመደብ በሳምንት 50 ደቂቃ ይገኛል። ሥራው በሚከተለው ሁኔታ ሊከፋፈል ይችላል።

ሰኞ፤ ማሰባሰብ። የሳምንቱ ተረኛ ቡድኖች ቅዳሜና እሑድ ያዩትን ይናገራሉ። የሐዋሳ ልጅ የሚናገረው አያጣም፤ በአሞራ ገደል ቆሮሶና አምባዛ የሚራገፍበትን የማለዳ ገበያ፣ የሐይቁን ውሃ መሙላትና መጉደል፣ በሰፈሩ የተተከለ ዛፍን ወይም የተቆፈረ መንገድን ያነሣል። መምህሩም ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ እንዴትና ለምን ብሎ በመጠየቅ ንግግሩን ቅርጽ ያስይዘዋል።

ማክሰኞ፤ መጻፍ። መምህሩ ከቀረቡት መካከል ሁለት ወይም ሦስት ዜናዎችን ልጆቹ በተናገሩበት ቃል በሰሌዳ ላይ ይጽፋል። በ3ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ልጆቹ ራሳቸው ይጽፋሉ። ዓረፍተ ነገሩ ከስምንት ቃል ባይበልጥ ይመረጣል።

ረቡዕ፤ ማጣራትና ማረም። ወሬው እውነት ስለመሆኑ «አንተ አይተኸዋል? ወይስ ሰው ነገረህ?» የሚለው ጥያቄ ይቀርባል። ከሰው የሰማ ልጅ ከማን እንደሰማ በጽሑፉ ውስጥ እንዲያመለክት ይደረጋል። በዚህም ልጁ ወሬን ከዜና መለየትን ገና በሕፃንነቱ ይለምዳል። የፊደል ግድፈትም በዚሁ ቀን ይታረማል።

ሐሙስ፤ ማንበብ መለማመድ። ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ሲያነብ ሌላው ያዳምጣል። እዚህ ላይ የሁለቱ ጽሕፈቶች ልዩነት ሊብራራ ይገባል። የግእዝ ፊደል የድምፅን መጥበቅና መላላት አያሳይም። «ዓሣ አጥማጁ አለ» የሚለው ዓረፍተ ነገር «ለ» ሲጠብቅ ሰውየው መኖሩን፣ ሲላላ ደግሞ መናገሩን ያመለክታል። በሲዳምኛ አጻጻፍ ግን የሚጠብቀው ድምፅም ሆነ የሚረዝመው አናባቢ ሆሄው ተደግሞ ይጻፋል። «ሲዳሙ አፎ» የሚለው የቋንቋው ስም እንኳ በዚህ ሥርዓት ሲጻፍ የመጀመሪያው ቃል «ኣ» ድምፅና የሁለተኛው ቃል የመጨረሻ «ኦ» ድምፅ በሁለት በሁለት ሆሄ ይወከላሉ። በመሆኑም የአማርኛ አንባቢ ከዓረፍተ ነገሩ ትርጉም፣ የሲዳምኛ አንባቢ ከሆሄው ቁጥር መረዳት እንዳለበት መምህሩ በሚነበበው ዜና ላይ ሊያሳይ ይችላል።

ዓርብ፤ ማቅረብ። ተረኞቹ ዜናውን በክፍል ፊት፣ ከዚያም በሰልፍ ወይም በሚኒ ሚዲያ ያነባሉ። አድማጮች ሁለት ሦስት ጥያቄ ይጠየቃሉ። ጽሑፉም በግድግዳ ላይ ተለጥፎ እስከሚቀጥለው ሳምንት ይቆያል።

በአንድ ክፍል 50 ተማሪዎች ቢኖሩና አምስት አምስት ሆነው ቢከፈሉ 10 ቡድኖች ይሆናሉ። በየሳምንቱ ሁለት ቡድኖች ተረኛ ቢሆኑና እያንዳንዱ አባል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢያነብ፣ በአምስት ሳምንት ውስጥ ብቻውን ያላነበበ ልጅ አይኖርም። መምህሩም ማን እንደሚያነብና ማን እንደሚቸገር በመዝገቡ ላይ ለማስፈር ይችላል።

ከሌሎች ትምህርቶች ጋር ማገናኘት

ዜናው ለአካባቢ ሳይንስና ለሒሳብም ያገለግላል። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ የሌለው ሲሆን፣ ዓመቱን በሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው። ስለ ሐይቁ የሚቀርብ ዜና ወደ ውሃው የገባ ቆሻሻ ለምን በቀላሉ እንደማይወጣ ለማስረዳት ምክንያት ይሆናል።

የሳምንት አቆጣጠርም ራሱ ትምህርት አለው። በሲዳማ ባህል ሳምንት አራት ቀናት ያሉት ሲሆን፣ ስማቸውም ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶና ቀዋላንካ ይባላል፤ ገበያም የሚውለው በእነዚሁ ቀናት ተራ ነው። ሕፃኑ በትምህርት ቤት የሰባት ቀን፣ ከአያቱ ዘንድ የአራት ቀን ሳምንት ይቆጥራል። «ዛሬ ሰኞም ዲኮም ከሆነ ሁለቱ እንደገና የሚገናኙት ከስንት ቀን በኋላ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ 28 ይሆናል። በዚህም የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ተማሪ የጋራ ብዜትን ከኑሮው ወስዶ ይማራል። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ወካይ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የፊቼ ጫምባላላ በዓል ሲቃረብም ልጆች ቀኑ እንዴት እንደሚወሰን ሽማግሌዎችን ጠይቀው ዜና እንዲያቀርቡ ማድረግ ይቻላል።

ሊታሰብባቸው የሚገቡ ጉዳዮች

አንደኛ፣ ቀስ ብሎ የሚያነበው ልጅ በሰልፍ ፊት እንዳይሳቅበት በቅድሚያ በክፍል ውስጥ በሚገባ መለማመድ አለበት፤ የሚያነበውም አጭር መሆን ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ የቤተሰብን ችግር፣ ሕመምን ወይም ጠብን የሚያወጣ ጽሑፍ በይፋ መነበብ የለበትም። ሦስተኛ፣ ሁለት ቋንቋ ባለበት ትምህርት ቤት ዜናው በሁለቱም ሊቀርብ ይገባል፤ አንዱ ቋንቋ ለዜና፣ ሌላው ለተግሣጽ ብቻ የሚውል ከሆነ ልጆች ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት ጎጂ ይሆናል። አራተኛ፣ ጊዜው ያነሰው የፈረቃ ትምህርት ቤት ዕለታዊውን 10 ደቂቃ በሁለት ቀን አጠቃሎ ሊሠራበት ይችላል።

ማጠቃለያ

የሳምንቱ ዜና አዲስ በጀት ወይም አዲስ መጽሐፍ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ ሰልፉም፣ ክበቡም፣ ሰሌዳውም አሁን አሉ። የሚያስፈልገው ተራው ለሁሉም እንዲደርስ ማድረግና ዜናው በክፍል ውስጥ እንዲዘጋጅ መወሰን ነው። የሚኒ ሚዲያ ክበብም በዚህ ምክንያት አይዳከምም፤ ከየክፍሉ የሚመጡለትን ጽሑፎች የሚያሰባስብ፣ የሚመርጥና የሚያሰራጭ ማእከል ይሆናል። በአምስት ሳምንት አንድ ጊዜ እያንዳንዱ ሕፃን ራሱ ያየውን ጽፎ በራሱ ድምፅ ሲያነብ የሚደመጥ ከሆነ፣ ማንበብ ያልቻለው ልጅ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ሳይደርስ ይታወቃል፤ እርዳታም በጊዜው ለማግኘት ይበቃል።