የሻወር ማብሪያዎ ይግላል?

ለገና ልጆቼን ይዤ ፍኖተ ሰላም ወላጆቼ ዘንድ ሄጄ ነበር። በመጀመሪያው ጠዋት የሰባት ዓመት ልጄን ገላዋን ላጥባት ስል እናቴ ከበሩ ጥግ የመጥረጊያ እጀታ አንሥታ አቀበለችኝ። «ልጄ፣ ማብሪያውን በእጅሽ እንዳትነኪው፤ በዚህ ተጫኚው» አለችኝ፣ ሳሙና የምታቀብለኝ ያህል ቀለል አድርጋ።

የሻወሩ ማብሪያ ግማሽ ፊቱ ጠቁሯል። ዙሪያው በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ተጭኖ እንዲቆይ የክብሪት እንጨት ተሰክቶበታል። የታናሽ ወንድሜ ሥራ ነው፤ ወራት አገልግሏል። ትልልቆቹ ሁሉ ዘዴውን ያውቃሉ። ልጄ ግን አታውቅም፤ እጇም እርጥብ ነው።

በዚያው ቀን ኤሌክትሪሺያን አስጠራን። ምናልባት የእርስዎም ቤት እንዲህ ያለ ማብሪያ ሊኖረው ስለሚችል የተማርኩትን ላካፍልዎ።

ለምን ይግላል?

ቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። 5,500 ዋት የሆነ ሻወር ሂተር 25 አምፔር ይስባል። የተለመደው የአምፖል ማብሪያ ግን ብዙውን ጊዜ የተሠራው ለ10 አምፔር ነው። 100 ዋት አምፖል ግማሽ አምፔር እንኳ ስለማይስብ ማብሪያው አይከብደውም፤ ሻወሩ ግን ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል። ውስጡ ያለው መገናኛ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ግንኙነቱ ይላላል። በላላ ቁጥር ደግሞ የባሰ ይግላል። ጥቁረቱና የተቃጠለ ሽታው ማስጠንቀቂያ ናቸው።

«ጥገና» የምንላቸው ሦስት ስህተቶች

*በፕላስተር መጠቅለል።* ፕላስተሩ ጥቁረቱን ይሸፍናል እንጂ ሙቀቱን አይቀንስም።

*ማብሪያውን አውጥቶ ሽቦውን በቀጥታ ማገናኘት።* ሻወሩ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል። አደጋ ቢደርስ ቶሎ የሚያጠፉት ነገር አጠገብዎ የለም።

*ብሬከሩ ስለቆረጠ ብቻ በትልቅ መቀየር።* ብሬከሩ የሚቆርጠው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ሽቦው ቀጭን እንደሆነ ብሬከሩን ካሳደጉት፣ ቀጥሎ የሚግለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው።

ምን ያሠሩ?

ለባለሙያ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ሻወሩ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር አለው? የሽቦው ውፍረት ለሻወሩ ዋት ይበቃል? ማብሪያው ሁለቱንም መስመር የሚቆርጥና ሻወሩ ከሚስበው አምፔር በላይ የሚችል ነው? አንዱን መስመር ብቻ፣ ያውም የተሳሳተውን የሚቆርጥ ከሆነ፣ ሻወሩ «ጠፍቶ» እያለ ሊነዝር ይችላል።

የመሬት ሽቦ መኖሩንም ያረጋግጡ። 30 ሚሊ አምፔር ያህል ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጠውን አርሲዲ የተባለ መከላከያ ያስገጥሙ። ከዚያ በላይ የሆነ ፍሰት በሰውነት ውስጥ ካለፈ የልብን ምት ሊያውክ ይችላል፤ እርጥብ ቆዳ ደግሞ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያሳልፋል። ባለሙያው እስኪመጣ ድረስ የሻወሩን ብሬከር አጥፍተው ውኃ በምድጃ ያሙቁ።

ከቤት ውጭም

ቡሬ የባሕር ዳርና የነቀምት መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ ብዙ መንገደኛ ያድርባታል። እዚያም ሆነ ሌላ ከተማ ፔንሲዮን ሲያርፉ፣ ልጆች ሻወር ከመግባታቸው በፊት ማብሪያውን በዓይንዎ ይመልከቱ። ከጠቆረ ወይም ከተጠቀለለ ሌላ ክፍል ይጠይቁ።

ገጠር ላሉ ዘመዶችዎም ይንገሩ። እዚያ ሻወር ሂተር ባይኖር እንኳ ከጎረቤት ቆጣሪ በቀጭን ገመድ ተስቦ፣ መሐሉ ላይ ተጠማዝዞ በፌስታል የታሰረ መስመር ያጋጥማል። አምፖል ብቻ ሲያበራ ችግሩ አይታይም፤ 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ሲሰካበት ግን 16 አምፔር ይሸከማል። ችግሩ ከቆጣሪው በፊት ባለው መስመር ላይ ከሆነ ደግሞ ማንም አይንካው፤ ወደ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት 905 ይደውሉ።

የወላጆቼ ቤት ሥራ ግማሽ ቀን ፈጀ። የተነቀለውን ማብሪያ ወንድሜ እጁ ላይ አገላብጦ አየው፤ ጀርባው ቀልጦ ከሽቦው ጋር ተጣብቋል። ምንም አልተናገረም። እናቴ የመጥረጊያውን እጀታ ወደ ጓዳ መለሰችው። አሁንም ግን አዲሱን ማብሪያ ከመንካቷ በፊት እጇን በነጠላዋ ታደርቃለች። ይህን ልማድ ልጄም ከአያቷ ተምራለች፤ እንድትተወው አልፈልግም።