ሸለቆን በቀን፣ ተረተርን በሌሊት፦ ወደ ወለጋ በሚደረግ ጉዞ የአዳርና የመስመር አመራረጥ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደው አውራ ጎዳና ነቀምቴ እስኪደርስ 330 ኪሎሜትር ያህል ይዘልቃል። በካርታ ሲታይ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ በግል መኪናም ከ6 እስከ 7 ሰዓት ይበቃዋል። ይሁን እንጂ ለመስክ ጥናትም ሆነ ለጉብኝት ወደ ወለጋ የሚያቀና ሰው የት እንደሚያድር ሲወስን ኪሎሜትር ብቻ ቢቆጥር ሁለት ነገር ይደርስበታል። የመንገዱን እጅግ ያማረ ክፍል በጨለማ ያልፈዋል፤ ከዚያም በላይ ማታ መገኘት በማይገባው ስፍራ ይመሽበታል። በዚህ መስመር አዳርን የሚወስነው ርቀቱ ሳይሆን የመልክዓ ምድሩና የቀን ብርሃን ግንኙነት ነው።

የወለጋ ዋና ዋና ከተሞች በተረተር ላይ የተቆረቆሩ ናቸው። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር፣ ጊምቢ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በሁለቱ መካከል ያለው 110 ኪሎሜትር ገደማ መንገድ ግን ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ እንደገና ሽቅብ ይወጣል። አሰፋፈሩ እንዲህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የዴዴሳና የአንገር ቆላዎች ወባ የሚበዛባቸው፣ ገንዲን የሚያስተላልፈው ዝንብ ከብትና የጋማ ከብትን የሚፈጅባቸው አካባቢዎች በመሆናቸው ነዋሪውም ነጋዴውም ደጋና ወይና ደጋውን መርጧል። የጥንት ሲራራ ነጋዴዎች በክረምት ወንዞቹ ሲሞሉ ጉዟቸውን ያቋርጡ ነበር፤ በበጋም ቢሆን ቆላውን ፈጥነው ተሻግረው ከፍታ ላይ መስፈርን ይመርጡ ነበር። የዛሬው ተጓዥ ድልድይና አስፋልት ቢኖረውም አልጋው ያለው ተረተሩ ላይ፣ እይታው ያለው ሸለቆው ውስጥ መሆኑ አልተለወጠም። ስለዚህ ዕቅድ ማውጣት ማለት በዋናነት የሸለቆውን መሻገሪያ ከጥሩ ብርሃን ጋር ማገጣጠም ነው።

በዚህ ረገድ ከስፔን ጋር የሚደረግ ንጽጽር ጠቃሚ ነው፤ አገሪቱ የመኪና ጉብኝት ዕቅድ በእጅጉ የዳበረባት ናትና። በማድሪድ ረጅሙ የበጋ ቀን 15 ሰዓት ያህል ሲሆን አጭሩ የክረምት ቀን ከ9 ሰዓት ብዙም አይበልጥም። አሽከርካሪው የቀን ርዝመትን በየወቅቱ ማስላት ግድ ይሆንበታል። ነቀምቴ ላይ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ብርሃኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ስለሚቆይ የሚለዋወጠው ዝናቡ ነው። ነቀምቴ በአገሪቱ ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙ ከተሞች አንዷ ስትሆን ዝናቡም ከሚያዝያና ግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በሐምሌና በነሐሴ የጉደር ፏፏቴ ሞልቶ ይታያል፤ የዴዴሳ ሸለቆ ግን ብዙውን ጊዜ በጉም ተሸፍኖ ይውላል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ የተሻለ ነው፦ ምድሩ እንደለመለመ ሰማዩ ይጠራል፣ ከኅዳር ጀምሮም በየደጁ የተሰጣ ቡና ይታያል። (የዚህ አካባቢ ቡና በዓለም ገበያ ለቀምቲ በሚል ስም መታወቁ የነቀምቴን የንግድ ታሪክ ያስታውሳል።)

ሌላም ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። ጉዞው ወደ ምዕራብ በመሆኑ ከቀትር በኋላ ፀሐይ በቀጥታ የአሽከርካሪውን ዓይን ትመታለች፤ ጠዋት ግን ከኋላው ሆና መልክዓ ምድሩን ታበራለታለች። ስለዚህ ንጋት 12 ሰዓት ላይ መነሳት ለእይታም ለደኅንነትም ይበጃል። በነቀምቴ ፀሐይ ከአዲስ አበባ 9 ደቂቃ ያህል ዘግይታ መጥለቋን እንደ ትርፍ ጊዜ መቁጠር ግን አያዋጣም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ነቀምቴ በአንድ ቀን መግባት ይገባል ወይስ አምቦ ማደር ይሻላል የሚለው ነው። በርቀት ስሌት አምቦ ማደር ብክነት ይመስላል፤ ከአዲስ አበባ ያላት ርቀት 120 ኪሎሜትር ገደማ ነውና። ነገር ግን በመንገዱ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ መዲና ሊያደርጓት አስበው የነበረችው አዲስ ዓለም አለች፤ ቤተ መንግሥት እንዲሆን የተጀመረው ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። ከአምቦ በስተ ደቡብ ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ የተመረጠችው ወንጪ ከነሐይቋ ትገኛለች። ወንጪን ለማየት ግማሽ ቀን ያስፈልጋል፤ እርሷን አይቶ በዚያው ቀን ነቀምቴ እገባለሁ ማለት የጌዶን ከፍታ፣ ቁልቁለቱን፣ ባኮንና የጊቤን ሸለቆ በምሽት ማለፍ ይሆናል። ወንጪን የሚተው ተጓዥ በአንጻሩ ያለ ችግር 8 ሰዓት ላይ ነቀምቴ ይደርሳል፤ ባኮ ላይ ምሳ በልቶም ጊዜ ይተርፈዋል። (ቢኤች በሚል ምህጻር የሚታወቁት የበቆሎ ዝርያዎች ስያሜያቸውን ያገኙት ከዚህችው ከተማ ነው።)

ነቀምቴ በቀን መድረስ ሌላም ፋይዳ አለው። ስፔን ከ1928 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓራዶር የተባሉ የመንግሥት ሆቴሎችን ስትከፍት ብዙዎቹን በአሮጌ ግንቦችና ገዳማት ውስጥ አቋቁማለች፤ እዚያ ማደሪያውና መጎብኛው አንድ ነው። በነቀምቴ ግን የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥትም ሆነ የወለጋ ሙዚየም የሥራ ሰዓት ያላቸው የጉብኝት ስፍራዎች ናቸው። የውስጥ አስተዳደሩን ጠብቆ ለምኒልክ መንግሥት ይገብር የነበረውን የሌቃ ነቀምቴ ግዛት ታሪክ ለማየት የፈለገ ሰው 11 ሰዓት ላይ ከደረሰ የሚያገኘው የተዘጋ በር ነው።

ከነቀምቴ ወደ ምዕራብ የሚቀጥል ደግሞ የአውቶቡስ ሾፌሮችን የቆየ ልማድ ቢከተል አይሳሳትም። የሕዝብ አውቶቡስ በሌሊት የማይጓዝ ስለነበር የአዲስ አበባና የደምቢ ዶሎ፣ እንዲሁም የአዲስ አበባና የአሶሳ ጉዞ ለረጅም ዘመን የሁለት ቀን ጉዞ ነበር፤ ነቀምቴና ጊምቢም የአዳር ከተሞች ሆነው ያደጉት በዚሁ ነው። ከነቀምቴ ደምቢ ዶሎ ከ300 ኪሎሜትር በላይ ስለሚርቅ ጠዋት ዴዴሳን ተሻግሮ ጊምቢ ማደር፣ ቀሪውንም በማግስቱ መጨረስ ተገቢ ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት የሚሠራው መንገዱ ክፍት ሲሆን ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ ዞኖች በተከሰተው የትጥቅ ግጭት ምክንያት መንገድ የተዘጋባቸው፣ ስልክና ኢንተርኔት የተቋረጠባቸው፣ ተጓዦችም የታገቱባቸው ጊዜያት ነበሩ። በመሆኑም የመስክ ተመራማሪ ከመነሳቱ በፊት ከዞንና ከወረዳ አስተዳደር፣ በዕለቱም ከዚያው አቅጣጫ ከመጡ ሾፌሮች መጠየቅ አለበት። የሾፌሮቹ መረጃ ብዙውን ጊዜ ትኩስ ነው። እያንዳንዱ ቀን ከምሽቱ በፊት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ትርፍ ሊኖረው ይገባል፤ ጎማ ቢፈነዳ ወይም ፍተሻ ቢረዝም ሸለቆ ውስጥ እንዳይመሽ።

ለመመለሻ በመጡበት መንገድ መሄድ ግዴታ አይደለም። ከነቀምቴ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ በአርጆ በኩል ወርዶ ዴዴሳን በሌላ ስፍራ ይሻገርና በደሌ ይደርሳል፤ ከዚያ በጅማ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል። ወደ ሰሜን የሚሄደው በአንገር ሸለቆ አልፎ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ቡሬ ይዘልቃል። በእይታ ረገድ የሰሜኑ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከሦስቱ ግን በመንገድ ላይ የአዳር አማራጭ የሚያንስበት እርሱ በመሆኑ ከነቀምቴ ንጋት ላይ ተነስቶ በብርሃን ቡሬ ለመግባት የሚያስችል ቀን ካልተገኘ የበደሌው ይመረጣል።