አስታማሚ በጽኑ ሕሙማን ክፍል

በእኛ ልማድ ሕመምተኛ ብቻውን አይተኛም። ሆስፒታል ለገባ ሰው ምግብ የሚያቀርብ፣ ልብስ የሚቀይር፣ አጠገቡ የሚያድር አስታማሚ አይጠፋም። ሕመሙ ጠንቶ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲዛወር ግን በሩ ይዘጋል። ቤተሰብ ጋቢውን ተከናንቦ ኮሪደር ላይ ይቀመጥና «እዚያ ውስጥ እኛ ምን እንረዳለን?» ይላል። ብዙ ይረዳል።

የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ሲጀመርም የሰው እጅ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ላይ የፖሊዮ ወረርሽኝ ሲነሳ የመተንፈሻ መሣሪያ አልበቃም። ዶክተር ቢዮርን ኢብሰን በሕመምተኛው ጉሮሮ ቱቦ አስገብቶ አየር በእጅ እንዲሰጥ አደረገ። የሕክምና ተማሪዎች እየተፈራረቁ ሌሊትና ቀን ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው የጎማውን ከረጢት እየጨመቁ ብዙ ሰው አተረፉ።

ዛሬ አየሩን መሣሪያ ይሰጣል። መሣሪያ የማይሰጠው ነገር ግን አለ። በጽኑ የታመመ ሰው ከሕመሙ፣ ከማደንዘዣው፣ ከእንቅልፍ እጦቱ የተነሳ አእምሮው ይደናገራል፤ ሐኪሞች ዴሊሪየም ይሉታል። ያለበትን አያውቅም፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ቱቦውን ለመንቀል ይታገላል። እንዲህ ላለ ሰው የሚያውቀው ድምፅ ትልቅ እርዳታ ነው። ናይሮቢ ውስጥ አማርኛ ብቻ የምታውቅ እናት ስትነቃ የምትሰማው እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ከሆነ ግራ መጋባቷ ይብሳል። ልጇ በስሟ ጠርቶ «እማዬ፣ ሆስፒታል ነሽ፤ አሁን ጠዋት ነው፤ እኔ አጠገብሽ ነኝ» ሲላት ትረጋጋለች። መነጽሯንና የመስሚያ መሣሪያዋን ማምጣትም ቀላል የሚመስል ትልቅ ነገር ነው።

ቤተሰብ ነርሷን አስፈቅዶ ሌላም ሥራ ይሠራል። የደረቀ ከንፈር ያረጥባል፣ ፀጉር ያበጥራል፣ እግር በቅባት ያሻል፣ ጣቶችን ቀስ አድርጎ ያንቀሳቅሳል፣ ነርሷ ሕመምተኛውን ስታገላብጥ ያግዛል። ሕመምተኛው የሚወስደውን መድኃኒት፣ የማይስማማውን ነገርና ቤት የጠጣውን የባህል መድኃኒት ሳይደብቅ ይናገራል። የየቀኑን ሁኔታ በደብተር ቢጽፍ ደግሞ ሕመምተኛው ድኖ ሲያነበው የጠፉበትን ቀናት ያገኛቸዋል።

የማይደረጉም አሉ። እጅ ሳይታጠቡ መንካት፣ ጉንፋን ይዞ መግባት፣ ቱቦ መነካካት ክልክል ነው። አጥሚትም ሆነ ጸበል ሳያስፈቅዱ በአፍ መስጠት አደገኛ ነው፤ መዋጥ የማይችል ሰው ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ጸሎት ግን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ማድረስ ይቻላል። ጠያቂ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከመግባት ይልቅ ከሐኪም ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ተመርጦ ወሬውን ለሌላው ያድርስ።

እኛ ተማሪዎችን የሚመለከት አንድ ጉዳይ አለ። በስደት ከተማ ለወላጆቻችን ብዙ ጊዜ አስተርጓሚዎቹ እኛ ነን። ባንክ ቤት ወይም ገበያ ምንም አይደለም። «አባትህ ላይተርፍ ይችላል» የሚለውን ቃል ለእናቱ እንዲተረጉም ግን ልጅ አይታዘዝም። ለእንዲህ ያለው ንግግር ሆስፒታሉ አስተርጓሚ እንዲያመጣ መጠየቅ፣ ከሌለም ትልቅ ዘመድ ወይም ጎረቤት መጥራት ይገባል። ልጅ ሌላ ድርሻ አለው፤ መግባት ባይፈቀድለት እንኳ ድምፁን በስልክ ቀርጾ ይልካል።

በመጨረሻም አስታማሚ ራሱ እንዳይታመም ይጠንቀቅ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያስታመሙ ሰዎች ከወራት በኋላም ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ሊያገኛቸው እንደሚችል ታውቋል። ስለዚህ ተራ ግቡ፤ ዛሬ አንዱ ሲያድር ሌላው ቤቱ ይተኛ። ነገም አስታማሚ ያስፈልጋል።