ኢኤ፦ በጅማ ጌም ቤቶች የማይታየው ባለቤት

በጅማ መርካቶም ሆነ በአጋሮ የጌም ቤት ሕግ አጭር ነው። ሁለት ሰው ጆይስቲክ ይይዛል፣ አንድ ጨዋታ ይጫወታል፣ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ከወንበሩ ሳይነሳ ተረኛውን ይጠብቃል። ከጥቅምት ጀምሮ የቡና ገንዘብ ወደ ከተማ ሲገባ ጌም ቤቱም እንደ ልብስ ተራውና እንደ ሻይ ቤቱ ድርሻውን ያገኛል። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ቴሌቪዥኑ ላይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ምልክት አለ፤ ኢኤ ስፖርትስ ይላል። ልጆቹ ሳላህንና ምባፔን ከነቁጥራቸው ያውቋቸዋል። የጨዋታውን ባለቤት ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ልጆቻችን የዕረፍት ሰዓታቸውን የሚያሳልፉት በዚህ ኩባንያ ጨዋታ ነውና፣ ማን እንደሆነና በምን እንደሚተዳደር ብናውቅ ይበጀናል።

ኢኤን፣ በሙሉ ስሙ ኤሌክትሮኒክ አርትስን፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ ያቋቋመው ትሪፕ ሃውኪንስ ነው። አፕል ውስጥ በገበያ ሥራ ኃላፊነት ይሠራ ነበር፤ እሱን ትቶ በራሱ ገንዘብ ጀመረ፣ በዓመቱ መጨረሻም ባለሀብቶች ተጨማሪ ካፒታል አስገቡለት። በዚያ ዘመን የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሠራ ሰው ስሙ አይጠራም ነበር። ሃውኪንስ ግን ፕሮግራም ጻፊ እንደ ሙዚቀኛ ሊታይ ይገባዋል ብሎ አመነ። የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች የሸክላ ሽፋን በሚመስል ማቀፊያ አሽጎ፣ የሠሪዎቹን ስም ከፊት ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ አቀረባቸው። ለእኔ ከኩባንያው ታሪክ ሁሉ የሚያስከብረው ይህ ጅማሬው ነው።

ኢኤ የጨዋታ አሳታሚ ነው፤ የአሳታሚን ሥራ ለጅማ ሰው ለማስረዳት ከቡና የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ገበሬው እሸቱን ያወርዳል፤ ሰብሳቢው ይገዛዋል፣ አቅራቢው አዘጋጅቶ ያቀርበዋል፣ ላኪው ለባሕር ማዶ ገበያ ይሸጠዋል። በጌም ዓለም ገበሬው ጨዋታውን የሚሠራው ስቱዲዮ ነው። አሳታሚው ገና ጨዋታው ሳይደርስ ገንዘብ ያበድራል፣ ያስተዋውቃል፣ ለሱቅ ያከፋፍላል፣ ሲሸጥ ደግሞ ያበደረውን አስቀድሞ ያነሳል። ጨዋታው ካልተሸጠ ኪሳራው የአሳታሚው ነው፤ ከተሸጠ ትልቁ ድርሻ የእሱ ይሆናል። ኢኤ በዚህ መንገድ ከበለጸገ በኋላ ገበሬውንም ከነማሳው ወደ መግዛት ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1991 ቫንኩቨር አካባቢ የነበረውን ዲስቲንክቲቭ ሶፍትዌርን ገዛ። ቀጥሎ ኦሪጅንን፣ ቡልፍሮግን፣ ማክሲስንና ዌስትውድን ጠቀለለ። ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘጉ፤ ስማቸውን ዛሬም በቁጭት የሚያነሱ ተጫዋቾች አሉ።

ኩባንያውን ከትልልቆቹ ተርታ ያሰለፈው ግን ከጨዋታ ማሽን አምራቹ ከሴጋ ጋር የገባው ግብግብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ለጨዋታ ማሽኖች ጌም ማውጣት የፈለገ ሁሉ በእያንዳንዱ ካርትሪጅ ለማሽኑ ባለቤት ወፍራም ክፍያ ይከፍል ነበር። የኢኤ መሐንዲሶች የሴጋን ሜጋ ድራይቭ ፈታትተው አሠራሩን ራሳቸው ደረሱበት። ሃውኪንስም ያለ ፈቃዳችሁ ማውጣት እንችላለን ብሎ ለድርድር ተቀመጠ። ሴጋ ተስማማ፤ ክፍያውም በብዙ ቀነሰ። በዚሁ ማሽን ላይ ነው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1993 የመጀመሪያው የፊፋ ጨዋታ የወጣው። የተሠራው ካናዳ ውስጥ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በተገዛው ስቱዲዮ ነበር። በዚያ ጨዋታ ውስጥ የተጫዋቾቹ ስም ፈጠራ ነበር፤ እውነተኛ ስም የገባው በፊፋ 96 ነው።

ስም የዚህ ንግድ እምብርት ነው። ኳስ መምታትን ማንም ጎበዝ ስቱዲዮ ሊሠራ ይችላል፤ የአርሰናልን ማሊያ፣ የኦልድ ትራፎርድን ሜዳ፣ የተጫዋቹን ፊት ለመጠቀም ግን ፈቃድ መግዛት ግድ ነው። ኢኤ ይህን ከተፎካካሪዎቹ ቀድሞ ተረዳ። በእኛ ጌም ቤቶች ለዓመታት የገነነው ፒኢኤስ የጃፓኑ የኮናሚ ሥራ ነው። ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ1969 ኦሳካ ውስጥ የሙዚቃ ማጫወቻ ሣጥን በማከራየትና በመጠገን የተጀመረ ድርጅት ነው። ጨዋታው በኳስ አያያዙ ከፊፋ ይሻላል የሚሉ ብዙ ነበሩ፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። ግን ፈቃድ አልነበረውምና ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ»፣ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ» ተብለው ይገቡ ነበር። የኛ ልጆች በዚህ አልተቸገሩም፤ ማን ማን እንደሆነ ከማሊያው ቀለም ይለዩት ነበር። በሌላው ዓለም ግን ገዢው እውነተኛውን ስም መረጠ፣ ፊፋም አሸነፈ።

ጌም ቤቶቻችን ሁለቱንም ጨዋታዎች ያጫወቱበት ፕሌይስቴሽን 2 እዚህ አገር ለዓመታት የቆየው ዋጋው ስለወረደና ውስጡ ተነካክቶ ኮፒ ዲስክ ስለሚቀበል ነው። ሶኒ ማሽኑን እ.ኤ.አ. በ2000 አውጥቶ እስከ 2012 መገባደጃ ድረስ አመረተው፤ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ኢኤ እስከ ፊፋ 14፣ ኮናሚም እስከ ፒኢኤስ 2014 ድረስ ለዚሁ አሮጌ ማሽን ጨዋታ ያወጡ ነበር። በኮፒ ዲስክ ከሚሠራ ጌም ቤት ለአሳታሚው የሚደርሰው አንድም ሳንቲም የለም። ተሸናፊው የከፈለው ብር ለኪራይ፣ ለመብራትና ለተበላ ጆይስቲክ ጥገና ይውላል። ይህን ስል ሕገ ወጥ ቅጂን ለማመስገን አይደለም፤ ዲስኩ የሚሸጥበት ሱቅም፣ በዶላር የሚከፈልበት መንገድም ባልነበረበት ከተማ አንድ ትውልድ ከጨዋታው ጋር የተዋወቀበት በር እሱ ብቻ ነበር ለማለት ነው።

አሁን ያ በር እየጠበበ ነው፤ ምክንያቱም ንግዱ ራሱ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 ኢኤ ለፊፋ 09 «አልቲሜት ቲም» የተባለ ተጨማሪ አወጣ። ተጫዋቹ የራሱን ቡድን የሚገነባው ካርድ እየሰበሰበ ነው፤ ካርዱ ደግሞ በታሸገ ፓኬት ይሸጣል፣ እስኪከፈት ማን እንደሚወጣ አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በተጠናቀቀው የበጀት ዓመት ይህ አሠራር ብቻውን 1.62 ቢሊዮን ዶላር አስገባ፤ ከኩባንያው ገቢ 29 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ዛሬ ኢኤ በዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲያገኝ፣ ሦስት አራተኛው ገደማ የሚመጣው ጨዋታው ከተሸጠ በኋላ በኢንተርኔት ከሚቀጥል ክፍያ ነው።

ቤልጅየም እ.ኤ.አ. በ2018 ፓኬቱን ቁማር ነው አለች፤ ኢኤም በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ በዚያ አገር ለፓኬት መግዣ የሚሆኑ ነጥቦችን መሸጥ አቆመ። በኔዘርላንድስ ግን ተከራክሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ረታ። እኔ ከቤልጅየም ጋር ነኝ። ያልታየ ዕቃ ለልጅ በገንዘብ መሸጥ ጨዋታ ሊባል አይገባውም። በጌም ቤታችን ተሸናፊ ሲከፍል ቢያንስ የሚከፍለውን ያውቃል።

በዚያው 2022 ኢኤና ጨዋታው ስሙን የወሰደበት የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ወደ ሠላሳ ዓመት የተጠጋ ውላቸውን እንደማያድሱ ታወቀ። በወቅቱ እንደተዘገበው ማኅበሩ ለስሙ በየአራት ዓመቱ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጠይቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ጨዋታው ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ተብሎ ወጣ፤ በውስጡ ግን ከ19,000 በላይ ተጫዋቾች፣ ከ700 በላይ ቡድኖችና ከ30 በላይ ሊጎች ከነስማቸው አሉ። የእነዚህ ፈቃድ የሚገዛው ከየሊጉና ከየተጫዋቾች ማኅበሩ ነበርና የሄደው የሽፋኑ ስም ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ደግሞ የሳውዲ አረቢያ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ፣ ሲልቨር ሌክና አፊኒቲ ፓርትነርስ ከተባሉ የኢንቨስትመንት ድርጅቶች ጋር ሆኖ ኩባንያውን በ55 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ከዚህ ውስጥ 20 ቢሊዮኑ ብድር ነው። ብድሩን መክፈል ያለበት ጨዋታው ነውና በእኔ ግምት ፓኬቱ የሚቀንስበት ጊዜ ሩቅ ነው።

በእነዚያ ከ30 በላይ ሊጎች ውስጥ የኢትዮጵያ ሊግ የለም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት በዚያው ዓመት ዋንጫውን አንስቷል፤ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢም የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ ነበር። የዚያ ዓመት የጅማ ልጅ ከስታዲየም ወጥቶ ጌም ቤት ሲገባ የሚመርጠው ግን አርሰናልን ወይም ባርሴሎናን ነበር፤ ሌላ ምርጫ አልቀረበለትም።

ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች አገራችን ውስጥ አሉ። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ን ሠርቷል፣ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከሌሎች የአፍሪካ ስቱዲዮዎች ጋር ሆኖ የፓን አፍሪካ ጌሚንግ ግሩፕን መሥርቷል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ኮምፒውተር የሚማሩ ወጣቶች በየዓመቱ ይመረቃሉ። የሚጎድለን አሳታሚው ነው፤ አስቀድሞ ገንዘብ የሚያወጣ፣ በርካሽ ስልክ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ጨዋታ የሚያዝ፣ ክፍያውን በቴሌብር የሚሰበስብ፣ ከሁሉ በላይ ስም ገዝቶ የሚደራደር። ስሙን የሚሸጥም አለ። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር በ2013 ዓ.ም. የቴሌቪዥን መብቱን ለሱፐርስፖርት ሸጧል። የጌም መብትም በዚያው ጠረጴዛ ላይ በዚያው ዓይነት ውል የሚሸጥ ነገር ነው።