እንቁላሏን በአፏ የምታቅፈው ቆሮሶ

በዓለም የአኳሪየም ሱቆች ከሚሸጡት የአፍሪካ ዓሦች አንዳንዶቹ የኦሞ ወንዝና የቱርካና ሐይቅ ተወላጆችም ናቸው። እባብ መሳዩ ፖሊፕቴረስ አንዱ ነው፤ ጫጩቱ ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ላባ የሚመስል ስንጥብ አለው። ነገር ግን ቤት ውስጥ አልወልድም ብሎ ያስቸግራል። ጂንካ ላይ ሆኖ ዓሣ ማራባት ለሚያምረው ሰው እኔ የምመርጥለት ቆሮሶን ነው። ዳሰነቾች ከኦሞ የሚያጠምዱት፣ ገበያ ላይ ቲላፒያም የሚባለው ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ መስታወቱ ይጠበውና ሮቶ ወይም የግቢ ገንዳ ይፈልጋል፤ እስከዚያ ግን የሚያሳየው ነገር አይጠገብም።

ወንዱ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ጎድጓዳ ቦታ ያዘጋጃል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥልና ወዲያው መልሳ በአፏ ትለቅመዋለች። ውሃው 28 ዲግሪ ገደማ ከሆነ በጥቂት ቀናት ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ግን ሆዳቸው ላይ የተንጠለጠለውን አስኳል እስኪጨርሱ አይወጡም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። እናትየው በዚህ ሁሉ ጊዜ እህል አትቀምስም ማለት ይቻላል። ከአገጯ ሥር ተወጥሮ፣ ሳትበላ የምታኝክ ከመሰለች እንቁላል ይዛለች ማለት ነው፤ ታማለች ብሎ መድኃኒት መጨመር አይገባም። ከደነገጠች ትተፋዋለች ወይም ትውጠዋለች። ስለዚህ ብቻዋን ጸጥ ያለ ዕቃ ውስጥ ብትሆን ይሻላል። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላም ለጥቂት ቀናት አደጋ ሲያዩ ተሽቀዳድመው ወደ አፏ ይመለሳሉ። መመለሱን ሲተዉ እሷን ማውጣት ነው፤ የተራበ ትልቅ ዓሣ ለትንሽ አይራራም።

ቆላው ኦሞራቴ ላይ ማሞቂያ አያስፈልግም። ጂንካ ግን ከ1,400 ሜትር በላይ ናት፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ከወረደ ቆሮሶ መራባቱን ያቆማል። ብዙ ውሃ ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ ትልቅ ገንዳ መምረጥ፣ ማታ ማታም መሸፈን ይጠቅማል።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው በምግቡ ነው። የጫጩቱ አፍ ጠባብ ነው፤ ለትልልቆቹ የሚሰጠው ምግብ አይገባለትም። ምርጡ ምግብ በነፃ የሚገኘው አረንጓዴ ውሃ ነው፦ ከአሮጌው ገንዳ የተቀዳ ውሃ በብርጭቆ ዕቃ ፀሐይ ላይ ሲሰነብት በጥቃቅን አልጌ ይሞላል። እናትየው እንቁላል መያዟ እንደታወቀ ማዘጋጀት ይሻላል፤ ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ ከሆነ ይዘገያል። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በጨርቅ ተጨምቆ መስጠትም ይቻላል፤ ሆኖም ከመርፌ ጫፍ ትንሽ ከበለጠ ውሃውን ያገማዋል። በቀን አራትና አምስት ጊዜ፣ በጣም ጥቂት በጥቂት።

የተረፈ ምግብና የዓሣው ኩስ አሞኒያ ይሆናሉ፤ ጫጩት በብዛት የሚያልቀው በዚህ ነው። አሞኒያውን የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ እስኪራቡ ሳምንታት ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ገንዳው ከዓሣው ቀድሞ ይዘጋጅ። በአየር የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ጫጩት አይስብም። ስፖንጁ ሲቆሽሽ ከራሱ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ይታጠብ፤ የቧንቧው ክሎሪን ባክቴሪያዎቹን ይገድላል። የሚተካውም የቧንቧ ውሃ በባልዲ ተከፍቶ አንድ ቀን ይደር። መብራት ሲጠፋ ውሃውን በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ አየር ያስገባል።

ሙቀት ካገኘች ሴቷ በየወሩ ገደማ ትደግማለች። ያኔ ገንዳው ይጨናነቅና ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል፤ ዓሣ አርቢዎች ወንዶቹን ብቻ ለይተው የሚያሳድጉት አንድም በዚህ ምክንያት ነው። በቤትም የጫጩቶቹ ጾታ ሲለይ ወንዶቹንና ሴቶቹን ለየብቻ ማኖር ይቻላል። የተረፈው ለጎረቤት ይሰጥ፣ ካልሆነም ለዶሮ። የጂንካው ነሪ ወንዝ ውስጥ ግን አይለቀቅ፤ በተለይ ከሱቅ የተገዛ ጋፒ ወይም ሌላ የውጭ ዓሣ ከሆነ። የነሪ ውሃ መጨረሻው ኦሞ ነው፤ ኦሞም ወደ ቱርካና ይገባል።