ስለ አውታር ቅኝት፤ ክራር፣ የብረት ጊታርና የደቡብ ኦሞ ዜማ

ከጂንካ ተነሥቶ ወደ ዲመካና ወደ ቱርሚ የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት አየር ያልፋል። ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች፣ ዝናብና ጭጋግ የማያጣት ከተማ ስትሆን፣ የሐመር ቆላ ግን ደረቅና ሞቃት ነው። በዚህ መንገድ ክራር ይዞ የሚወርድ ሰው ቢኖር፣ ማለዳ በጂንካ ያቃናውን ቅኝት ከቀትር በኋላ በቆላው እንደ ተወው አያገኘውም። በገበቴው ላይ የተወጠረው ቆዳ በእርጥበት ይላላል፣ በድርቀት ይከርራል፤ አውታሮቹን የሚሸከመው እንጨት በቆዳው ላይ ስለ ቆመም የቆዳው ለውጥ ወዲያው ወደ አውታሮቹ ይተላለፋል። ስለዚህ ባለ ክራሩ ከመዝፈኑ በፊት እንደገና ይቃኛል። ይህን መቃኘት ብዙዎች ጸሐፊዎች ከሙዚቃው በፊት የሚደረግ መሰናዶ ብቻ አድርገው ስለሚያልፉት፣ በዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር እርሱ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ጊታር የመዳፊያ ሰሌዳ አለው፤ ተጫዋቹ አውታሩን በጣቱ እየተጫነ ከአንዱ አውታር ብዙ ድምፅ ያወጣል። ክራር ግን ሰሌዳ የለውም። እያንዳንዱ አውታር የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ በክራር ላይ ቅኝቱና የዜማው መሰላል አንድ ነገር ናቸው። በአማርኛ «ቅኝት» የሚለው ቃል አውታርን ማስተካከልንም፣ የዜማውን ስልትም የሚያመለክተው በከንቱ አይደለም። ትዝታን ወደ ባቲ ለመለወጥ የሚፈልግ ደርዳሪ የጣቱን ስፍራ ሳይሆን አውታሮቹን ራሳቸውን ይለውጣል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ክራር ባሳተሙት ጥናት፣ በገና የዳዊት መሣሪያ ተብሎ ሲከበር ክራር የሰይጣን መሣሪያ መባሉን አትተዋል። ስሙ የቱንም ያህል ቢከፋ፣ ክራር ለቅኝት ተማሪ ከበገና ይልቅ ግልጽ መምህር ነው።

በሌላው ዓለም ከዚህ አሳብ ጋር በእጅጉ የሚቀራረብ ነገር የተገኘው በሃዋይ ደሴቶች ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት ከሜክሲኮ የመጡ ከብት ጠባቂዎች ጊታርን ወደዚያ ባደረሱ ጊዜ፣ የአገሩ ሰዎች አውታሮቹን አላልተው፣ ሁሉም ሳይጨቆኑ ሲመቱ እርስ በርሳቸው የሚስማሙ አድርገው ቃኟቸው። በዚያው ምዕት ዓመት መጨረሻ ጆሴፍ ኬኩኩ የተባለ ወጣት በአውታሮቹ ላይ ብረት እያንሸራተተ መጫወትን ጀመረ፤ የብረት ጊታር የሚባለው ከዚህ መጣ። ኋላም እ.ኤ.አ. በ1927 በሎስ አንጀለስ ጆን ዶፕዬራ በጊታር ሆድ ውስጥ ስስ የአሉሚኒየም ጉልላቶች አኑሮ ድምፁን አጎላው። መብራት ያላገኘው ጊታር በጓድ መካከል ይዋጥ ስለ ነበር ነው ይህ የተፈለሰፈው። የጉልላቱ ሥራ ከክራር ቆዳ ሥራ ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም የአውታሩን ንዝረት ተቀብለው ለአየር ያስረክባሉ። ልዩነቱ አሉሚኒየም ጭጋግን አለመፍራቱ ነው።

አንባቢው ጊታር ቢኖረው የሚከተለውን በራሱ እጅ ሊፈትነው ይችላል። የተለመደው የጊታር ቅኝት ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ነው። ሦስተኛውን አውታር፣ ማለት ሶልን፣ በግማሽ ድምፅ ወደ ፋ ሻርፕ ዝቅ ቢያደርግ፣ የመጀመሪያውን ቀጭን ሚ ደግሞ በአንድ ሙሉ ድምፅ ወደ ሬ ቢያላላ፣ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሲ፣ ሬ ያገኛል። ይህ ሬን መነሻ ያደረገ የትዝታ ቅኝት ነው፤ አምስቱም ድምፆች ተሟልተዋል፣ ስድስተኛው አውታርም የመነሻው ድግም ነው። ከዚህ ላይ ፋ ሻርፕንና ሲን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ቢያደርግ ዝቅ ያለውን፣ ኀዘን የተጫነውን ትዝታ ያገኛል። ለአምባሰል ሦስተኛውን አውታር ወደ ሶል ይመልሳል፣ ወፍራሙን ሚና ሁለተኛውን ሲ ግማሽ ግማሽ ድምፅ ያላላል። ለአንቺ ሆዬ ግን ሲ በቦታው ይቀርና ላ ወደ ላ ፍላት ይወርዳል።

ባቲ ያስቸግራል። ሬ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ ሻርፕ ስለሚፈልግ ሁለት አውታሮችን በሙሉ ድምፅ ማክረር ያሻል፤ አለዚያ የላይኛውን ድግም መተው ግድ ይሆናል። ማክረር ቀላል ነገር አይደለም። የአውታር ድምፅ ከውጥረቱ ካሬ ሥር ጋር ስለሚሄድ፣ አንድን አውታር በሙሉ ድምፅ ከፍ ማድረግ ውጥረቱን በመቶ 26 ያህል ይጨምርበታል፤ በዚያው ልክ ማላላት ደግሞ በመቶ 21 ያህል ይቀንስለታል። ባለ ጉልላት ጊታር የሚጫወቱ አሜሪካውያን ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ ብለው ሲቃኙ ወፍራሙን ሚ ወደ ሶል ስለሚያወጡት ውጥረቱ በመቶ 41 ይጨምራል፤ ስለዚህም ቀጠን ያለ አውታር ይመርጣሉ። የክራር ተጫዋች ይህን ስሌት ሳያውቅ በጣቱ ያውቀዋል፤ ወደ ላይ ከማክረር ይልቅ ዘፋኙ ወደሚመቸው ድምፅ መነሻውን ዝቅ ያደርጋል። ለእርሱ ቋሚ ላ የለም። ላን በሴኮንድ 440 ንዝረት ያደረገው ዓለም አቀፍ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1955 የተወሰነ የቅርብ ጊዜ ስምምነት ነው።

እዚህ ላይ ወደ ደቡብ ኦሞ እንመለስ። እስካሁን የጠራናቸው አራት ቅኝቶች የሰሜንና የመካከለኛው ደጋ ናቸው፤ ባቲና አምባሰል በወሎ የሚገኙ ስፍራዎች መሆናቸውን ማንም ያውቃል። በደቡብ ኦሞ ግን አሪ፣ ማሌ፣ ሐመር፣ በና፣ ካራ፣ ሙርሲ፣ ኛንጋቶም፣ ዳሰነችና ሌሎችም፣ በጠቅላላው አሥራ ስድስት ያህል ሕዝቦች ይኖራሉ፤ ቋንቋቸውም ከአንድ ግንድ የወጣ አይደለም። የሐመር ሰው ባለ አውታር መሣሪያውን ይዞ ሲዘፍን የሰማ የከተማ ሙዚቀኛ ወዲያው «ይህ ትዝታ ነው» ሊል ይቃጣዋል። አምስት ድምፅ መስማቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በአምስቱ መካከል ያለው ርቀት የትዝታ ርቀት መሆኑን ሳይለካ ስም መስጠት፣ የሐመርን ቃል በአማርኛ ሰዋስው ለመተንተን እንደ መሞከር ነው። ጂን ላይዳልና ኢቮ ሽትሬከር እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሐመር ተቀምጠው በ1979 ባሳተሟቸው ሦስት ጥራዞች የሕዝቡን አነጋገር እንደ ተነገረ ለመጻፍ የደከሙት እንዲህ ያለውን ስሕተት ለመሸሽ ነው። ለድምፅም ያው ጥንቃቄ ይገባል።

የአሪ ነገር ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። በአሪ ዘንድ የቀርከሃ ዋሽንቶች በጓድ ሲነፉ እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ በተራው ያስገባል እንጂ ዜማውን ብቻውን አይሸከምም፤ በደራሼ የፊላ ጨዋታና በሰሜኑ እምቢልታም ይህንኑ የመሰለ ሥርዓት ይታያል። በዚህ ጊዜ ቅኝት የሚቀመጠው በአውታር ውስጥ ሳይሆን በቀርከሃው ርዝመት ነው። አንድ ዋሽንት ተሰብሮ ሌላ ሲቆረጥለት አዲሱ የሚለካው ከጓደኞቹ ጋር ነው። እንዲህ ያለውን ጓድ በፒያኖ ቁልፎች ላይ ልጻፍ የሚል ሰው፣ ከቁልፎቹ መካከል የሚወድቁትን ድምፆች ወደ አንዱ ወገን እየገፋ ይጽፋቸዋል። የዛሬው የኤሌክትሪክ ኪቦርድ በሠርግና በቀረጻ ቤት የሚያደርገው ከዚህ የባሰ ነው፤ ተማሪው ያስተካክለዋል፣ ኪቦርዱ ግን ዘፋኙን ራሱን ወደ እርሱ ይጎትተዋል። ዘፋኙ በኪቦርድ አጃቢነት አሥር ዓመት ከዘፈነ በኋላ የጥንቱን ርቀት ከእርሱ መጠየቅ ከንቱ ነው።

የብረት ጊታር ለዚህ አንዳች መድኃኒት አለው ብዬ አምናለሁ። ብረቱ በአውታሩ ላይ የትም ሊቆም ስለሚችል በደረጃዎቹ መካከል ያለው ድምፅ ሁሉ ክፍት ነው። የጊታር ሰሌዳ ሦስተኛውን የመሰላል ድምፅ ከመነሻው 400 ሳንቲም አርቆ ሲያስቀምጠው (ሳንቲም የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው)፣ ጆሮ በተፈጥሮ የሚያርፍበት ንጹሕ ድምፅ 386 ላይ ነው፤ ብረት የያዘ እጅ ሁለቱንም ያገኛቸዋል። እንግዲህ አጥኚው ስድስቱን አውታሮች በባለ መሣሪያው አውታሮች ልክ አንድ በአንድ ቢቃኝ፣ ቀጥሎም ባለ መሣሪያው ራሱ ሰምቶ «ይህኛው ወድቋል፣ ያኛው ከርሯል» እያለ እንዲያርመው ቢለምነው፣ በቀረጻ ብቻ የማይገኝ ምስክርነት ያገኛል። ዳኛው ባለ ዜማው ነው፤ አጥኚው እጁን ብቻ ያበድራል።

በጂንካ የሚገኘውን የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም መነሻ አድርገው ወደ መንደሮቹ ለሚወጡ ተማሪዎች አንድ ትንሽ ልማድ ላመልክት። ከዘፈኑ በፊት ባለ መሣሪያው አውታሮቹን እርሱ በመረጠው ቅደም ተከተል ብቻቸውን እንዲመታ ይጠየቅ፣ ለእያንዳንዳቸው ስም ካለው ስሙ በቋንቋው ይጻፍ። ዘፈኑ ሲያበቃም እንደገና ይምታቸው፤ በመካከሉ ቆዳው ተለውጦ ይሆናልና። ሰዓቱና የአየሩ ጠባይ ከዚያው ጋር ይመዝገብ። በስልክ ላይ ያለው የቅኝት መለኪያ ድምፁን ለማንበብ ይጥቀም፤ መርፌው መካከል ላይ እስኪቆም ድረስ አውታሩን አክርልኝ ብሎ ባለቤቱን ማስቸገር ግን አይገባም።