ለተፈጥሮና ለሰው ሠራሽ አደጋ የሚደረግ የተመጣጠነ ዝግጁነት፦ ከሰሜን ሸዋ አንጻር

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃንና ከእርሷ በስተምሥራቅ፣ በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ የተቆረቆረችው አንኮበር ሁለት ዓይነት አደጋዎች በሚያሰጉት ዞን ውስጥ ይገኛሉ። አንዱ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የመሬት መንሸራተት፣ ድርቅና ጎርፍ ነው። ሌላው ግጭትንና የሽብር ጥቃትን የሚያካትተው ሰው ሠራሽ አደጋ ነው። ይህ ጽሑፍ መንግሥት ለሁለቱም እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ከነዋሪውም ምን እንደሚጠበቅ ያብራራል።

አካባቢው ያሳለፋቸው አደጋዎች

በ1835 ዓ.ም. በአንኮበር ከከባድ ዝናብ ጋር ተያይዞ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና መንሸራተት ብዙ ቤቶችን አፍርሷል። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬና የማጀቴ አካባቢ በብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመትቶ፣ የማጀቴ ከተማ ክፉኛ ወድማለች። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ በደብረ ሲና አቅራቢያ በይዛባ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንሸራተት አርሶ አደሮችን ከቤት ንብረታቸው አፈናቅሏል። ከአንኮበር ተዳፋት በታች በሚገኘው የአፋር ክልል በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በ2017 ዓ.ም. በተደጋጋሚ የተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

በሌላ በኩል በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው በደረሰው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ቤቶችም ተቃጥለዋል። ደብረ ብርሃን በግጭት ምክንያት ከቀያቸው የተፈናቀሉ በርካታ ወገኖችን ተቀብላ አስተናግዳለች።

የሕግ መሠረቱ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 89 መንግሥት የተፈጥሮም ሆነ ሰው ሠራሽ አደጋ እንዳይደርስ የመከላከል፣ ሲደርስም ለተጎጂዎች ዕርዳታ በወቅቱ እንዲደርስ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። ስለሆነም የአደጋው መንስኤ መለያየት የተጎጂውን ዕርዳታ የማግኘት መብት አያሳንሰውም።

ልዩነቱ ያለው በአመራሩ ላይ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲና ስትራቴጂ እንደየአደጋው ዓይነት መሪ ተቋም እንዲኖር አድርጓል። የሽብር ወንጀልን መከላከልና መቆጣጠር በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 የሚመራ ሲሆን፣ ዋነኛ ፈጻሚዎቹ የጸጥታና የፍትሕ አካላት ናቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት የክልል መንግሥታት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሊያውጁ የሚችሉት የተፈጥሮ አደጋ ወይም የሕዝብን ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ሲከሰት ነው።

ሚዛኑ ለምን ያስፈልጋል?

ትኩረትን ሁሉ በአንድ ስጋት ላይ ማድረግ ለሌላው ያጋልጣል። አሜሪካ ከ1994ቱ የሽብር ጥቃት በኋላ የአደጋ ጊዜ ተቋሟን በ1995 ዓ.ም. በአዲሱ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሥር አደረገች። በ1997 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ከ1,000 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ለዕርዳታው መዘግየት ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ትኩረቱ ወደ ሽብር መከላከል ማጋደሉ ነበር።

በአንጻሩ የጸጥታ ዝግጅት ቢጓደል፣ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው የገበያ፣ የመናኸሪያና የበዓል ሥፍራዎች ለጥቃት ይጋለጣሉ። በመሆኑም ቅድሚያ የሚሰጠው ለሁለቱም ለሚያገለግለው የጋራ አቅም ነው። ማስጠንቀቂያ የሚደርስበት መንገድ፣ አምቡላንስና ሆስፒታል፣ የምግብና የመጠለያ ቁሳቁስ ክምችት፣ የተፈናቃዮች ምዝገባ፣ የመውጫ መንገድ ልየታ ለመሬት መንሸራተትም ለጥቃትም ያገለግላሉ።

ሁለቱ አደጋዎች የሚጋሩት ሌላ ትምህርትም አለ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በደረሰው የመሬት መንሸራተት፣ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎች በተከታዩ ናዳ ተቀብረዋል። ፍንዳታ በደረሰበት ሥፍራም ሁለተኛ ፍንዳታ ሊከተል ይችላል። ለወገን መድረስ ነባር ባህል ቢሆንም፣ የሥፍራውን ደኅንነት ሳያረጋግጡ መግባት የሟቾችን ቁጥር ሊያበዛ ይችላል።

ከነዋሪዎች የሚጠበቅ

• በተዳፋት ላይ የሚኖሩ ነዋሪዎች፣ በተለይ በክረምት፣ የመሬት መሰንጠቅ፣ የዛፍና የአጥር መዝመም፣ ድንገት የፈለቀ ወይም የደፈረሰ ምንጭ ሲያዩ ከሥፍራው ርቀው ለቀበሌ አስተዳደር ወዲያውኑ ያሳውቁ።
• የመሬት መንቀጥቀጥ ሲከሰት ቤት ውስጥ ያለ ሰው ከመስኮት ርቆ በጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ይጠለል፤ ደጅ ያለ ከግድግዳ፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶና ከገደል ይራቅ።
• ባለቤቱ ያልታወቀ አጠራጣሪ ዕቃ ያየ ሰው ሳይነካው ይራቅ፤ ሌሎችንም አርቆ ለፖሊስ ይጠቁም። ሰውን በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በተፈናቃይነቱ መጠርጠር ግን ተገቢ አይደለም።
• የመታወቂያና የመሬት ይዞታ ደብተር ቅጂ ከቤት ውጭ፣ በታመነ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ።
• ጉዳት የደረሰበት ቤተሰብ በቀበሌው በኩል ይመዝገብ። የተፈናቀለ ቤተሰብም ባረፈበት ቀበሌ ቀርቦ የቤተሰቡን ብዛት፣ ሕፃናትን፣ ነፍሰ ጡሮችን፣ አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን ለይቶ ያስመዝግብ።

ያልተረጋገጠ ወሬ ማሰራጨት በሁለቱም ዓይነት አደጋዎች ጉዳትን ያባብሳል። ስለ አየር ሁኔታ ከኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የሕዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት፣ ስለ ጸጥታ ደግሞ ከፖሊስ የሚሰጡ መግለጫዎችን መከታተል ይመከራል።